በአንድ ከሰዓት እጭነዋለሁ ያልኩት ሶፍትዌር

ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ ብችል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩት ነበር። ግን አልችልም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ሲያይ አንድ ነገር ጉሮሮዬን ይበላኛል። ሳልናገር ከወጣሁ የምታመም ይመስለኛል። እናቴ ይህን ጠባዬን ከልጅነቴ ስለምታውቀው፣ አሰላ ተመድቤ ስመጣ ሻንጣዬን እየዘጋች የመከረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ብርዱን እንኳ ትለምደዋለህ። እባክህ ሲጠይቁህ ብቻ መልስ።"

ብርዱን ለመድኩት።

እዚህ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ያን ሰኞ ዲናችን አቶ ግርማ ስብሰባ የጠሩት ለከባድ ጉዳይ ነበር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻችን የተግባር ፈተና ሊፈተኑ አስራ አንድ ቀን ቀርቷቸዋል። የላባችን መሣሪያዎች ደግሞ ግማሾቹ ተቃጥለዋል፤ የቀሩት ግማሾች ለመቃጠል ተራ ይጠብቃሉ። (ላብ ስል የምንሠራበትን ክፍል ማለቴ ነው። የእኔ ላብ በኋላ ይመጣል።) ፈተናውን የሚሰጡት ገምጋሚዎች በደብዳቤ ያሳወቁት ነገር ግልጽ ነበር፤ ወይ የሚሠራ መሣሪያ፣ ወይ በእያንዳንዱ ተማሪ ፊት የሰርኪዩት ማስመሰያ ሶፍትዌር ያለው ኮምፒዩተር። ሁለቱም ከሌለ ፈተናው ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይተላለፋል፤ ቦታውም አዳማ ይሆናል።

የሰርኪዩት ማስመሰያ ማለት፣ ባትሪውንና ሽቦውን በኮምፒዩተር ላይ አገናኝተህ፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ የት እንደሚያልፍ ምንም ሳታቃጥል የሚነግርህ ፕሮግራም ነው። ለእኛ ላብ ከሰማይ የወረደ ነገር ነው በሉት።

"እንግዲህ ምን ይሻላል?" አሉ አቶ ግርማ።

ሁሉም ጠረጴዛውን አየ። የሒሳብ መምህሩ እስክሪብቶውን ፈታታው። የእኔ ጉሮሮ መብላት ጀመረ።

"ነፃ የሆነ አለ" አልኩ። "ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው። አውርጄ፣ ከምንጩ አጠናቅሬ፣ ሁሉም ኮምፒዩተር ላይ እጭነዋለሁ።"

"በስንት ቀን?"

እዚህ ላይ "በሳምንት" ብል ማንም አይከፋም ነበር። "በአስር ቀን" ብል ያመሰግኑኝ ነበር።

"በአንድ ከሰዓት" አልኩ።

የሒሳብ መምህሩ እስክሪብቶውን መልሶ መግጠም አቃተው።

ከስብሰባው ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ሙሉ ቆማለች። ሙሉ ተማሪዬ ናት፤ የሁሩታ ልጅ። አምና በእርግዝና ምክንያት ዓመቱን አቋርጣ ዘንድሮ የተመለሰች፣ የአራት ወር ሕፃን አዝላ ክፍል የምትገባ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ በጣቷ ጀርባውን እየመታች በሌላው እጇ ስሌት የምትሠራ ሴት ናት። ወሬ ከእኛ ቀድሞ ወጥቷል።

"መምህር፣ እውነት ፈተናው አዳማ ሊሆን ነው?"

"ማን አለ?"

"አዳማ ከሆነ እኔ አልሄድም። ይሄን ልጅ ይዤ የት አድራለሁ? ባለቤቴም 'አሁንስ ይበቃሻል' ብሏል። ዘንድሮ ካለፈኝ አለፈኝ ማለት ነው።"

"አይዞሽ" አልኳት። "ዛሬ ከሰዓት አልቆ ታዪዋለሽ።"

አያችሁ? ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለተኛ ጊዜ።

አሁን የላቡን ኃላፊ ላስተዋውቃችሁ። አዴ ከዲጃ ይባላሉ። አዴ ማለት በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ላቡን ከፍተው የሚዘጉ፣ ዕቃ ቆጥረው የሚያስረክቡ፣ ተማሪ በጭቃ ጫማ እንዳይገባ በር ላይ የሚቆሙ፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ የአርሲ ሴት ናቸው። በትምህርት እስከ አስረኛ ክፍል ነው የሄዱት። እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው አንተ ይሉኛል፤ ሁለታችንም ተመችቶናል። እንግሊዝኛ የሚያነቡት በጣታቸው ቃል ቃሉን እየነኩ፣ ቀስ ብለው ነው። ይህን የምነግራችሁ እኔ እንግሊዝኛ የማነበው እንዴት እንደሆነ በኋላ እንድታነጻጽሩ ነው። እኔ አላነበውም። አየዋለሁ።

"አዴ ከዲጃ፣ ዛሬ ከሰዓት ሃያውም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ነገር እጭናለሁ" አልኳቸው።

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"ኤዬ" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አውጥተው "የገባውንና የወጣውን ልጻፍ" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

ላቡ ኢንተርኔት የለውም። ኢንተርኔት ያለው አቶ ግርማ ቢሮ ስለሆነ ምንጩን እዚያ አውርጄ በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ከሃያው ኮምፒዩተር አስራ አንዱ በዊንዶውስ፣ ዘጠኙ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። ዘጠኙ በስጦታ የመጡ ናቸው፤ እንደዚያው ሆነው መጡ፣ እንደዚያው ሆነው ተቀመጡ።

ነፃ የሚለውን ቃል የወደድኩት ትርጉሙን ግማሽ ብቻ ስለማውቅ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የሚሰጣችሁ ግን ምንጩን ነው። አንድ የአርሲ ገበሬ ጎረቤታችሁ አንድ ኩንታል ስንዴ በነፃ ቢሰጣችሁ ዳቦ በላችሁ ማለት አይደለም። ገና ይለቀማል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። ማጠናቀር የሚሉት ይህንን ነው፤ ሰው የጻፈውን ምንጭ ኮምፒዩተሩ ሊበላው ወደሚችል ዳቦ መለወጥ። ያውም ለዊንዶውስ ሌላ ወፍጮ፣ ለሊኑክስ ሌላ ወፍጮ ነው። እኔ ግን ስብሰባ ላይ "ከምንጩ አጠናቅሬ" ብያለሁ። ከአፌ ወጥቷል።

ከዊንዶውሱ ጀመርኩ። የማጠናቀሪያውን ዕቃ ሁሉ ጫንኩ፣ ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ፤ ወረደ፤ ወረደና ቆመ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስህተት የሚል ነገር አለ። ደገምኩት። ቆመ። እንደ ዋዛ ሦስተኛ ሞከርኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሰው ሊፍት ሲዘገይበት ቁልፉን ደጋግሞ እንደሚጫነው ነው።

ማክሰኞ እንዲሁ ዋልኩ። ረቡዕ ከሰዓት አዴ ከዲጃ ከደብተራቸው ቀና ብለው "መምህር፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ 'ተማሪ' ሲደርስ ነው የሚቆመው" አሉኝ።

"ምን ተማሪ?"

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። እውነትም በእንግሊዝኛው ክምር መሀል በአማርኛ "ተማሪ" የሚል ቃል ብቻውን ቆሟል።

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት፣ ተማሪዎቻችን በቋንቋቸው ይኩሩ ብዬ፣ ጭብጨባ የተቀበልኩበት አንድ ሥራ ሠርቼ ነበር። የኮምፒዩተሮቹን የተጠቃሚ ስም በሙሉ በአማርኛ ጻፍኩ፤ "ተማሪ አንድ"፣ "ተማሪ ሁለት" እያልኩ። ማጠናቀሪያው ደግሞ ክፍት ቦታ ሲያይ ስሙ ያለቀ ይመስለዋል። "ተማሪ" የሚባል ፎልደር ፈልጎ ያጣል፤ "አንድ"ን ምን እንደሚያደርጋት ግራ ይገባዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒዩተሩ "የምትለኝ ተማሪ የቱ ነው?" እያለ ሲጠይቀኝ ነበር ማለት ነው።

ሁሉንም አጭር የላቲን ስም ወዳለው ፎልደር አዛወርኩና እንደገና ጀመርኩ። ዝናቡ አሁን ረጅም ወረደ። ለአንድ ኮምፒዩተር አርባ ደቂቃ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሌላ ነገር ጎደለኝ ብሎ ቆመ። ሐሙስ ጠዋት ሌላውን አሟላሁ፤ ሌላ ሌላ ጎደለው። አንድ ዕቃ ለማምጣት አቶ ግርማ ቢሮ ስመላለስ ጸሐፊያቸው ወንበር አዘጋጅታ ትጠብቀኝ ጀመር።

ሐሙስ ከሰዓት አዴ ከዲጃ "አንዴ ፍላሹን ስጠኝ፣ የዕቃ ዝርዝር ላሳትም" ብለው ወደ ዲኑ ቢሮ ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አለ።

"መምህር፣ ያ አንተ የምታወርድበት ገጽ ተከፍቶ ነበር። ወረድ ብዬ ሳየው 'ዊንዶውስ' ተብሎ የተጻፈ ሌላ ነገር አለ። አመጣሁት። የማይሆን ከሆነ ይቅርታ።"

ፍላሹን ሰካሁ። ተዘጋጅቶ ያለቀ፣ የተጋገረ፣ የተቆረሰ ዳቦ ነው። ሁለቴ ተጭኖ መክፈት ብቻ ነው የሚፈልገው። ገጹ ላይ፣ እኔ ምንጩን ካወረድኩበት መስመር ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ፣ ያን ሁሉ ቀን ተቀምጦ ነበር።

የቀዳሁት ሻይ ሳይበርድ አስራ አንዱም ኮምፒዩተር ላይ ገባ።

"ይሆናል?" አሉ አዴ ከዲጃ።

"ይሆናል" አልኩ።

ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ምን እንደጻፉ ለማየት አልደፈርኩም።

ዓርብ ወደ ሊኑክሶቹ ዞርኩ። ዘጠኙ ካልተዘጋጁ አስራ አንዱ ብቻ አይበቁም፤ ተማሪዎቹ አስራ ዘጠኝ ናቸው፣ ፈተናው ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተቀምጠው ነው። ለሊኑክስ የተጋገረ ዳቦ የሚገኘው ኢንተርኔት ሲኖር ስለሆነ፣ ላባችን ውስጥ ከስንዴው መጀመር የግድ ነበር። በዚህ እንኳ ጥፋት የለብኝም፤ መዝግቡልኝ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገው ሁሉ እንዳለው የሚፈትሽ ነው። ጻፍኩት። ሁለት መስመር ፈትሾ ቆመ። ምንም አልወረደም፤ ጠብ እንኳ አላለም። ዊንዶውሱ ቢያንስ ደክሞ ነበር የሚቆመው።

የተጻፈውን አየሁት። አየሁት ነው ያልኩት። ረጅም እንግሊዝኛ ነው፣ መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ አለው። "ይሄ ሲስተሙ ተበላሽቷል ማለት ነው" ብዬ ደመደምኩ። ሊኑክሱን ከነሥሩ ነቅዬ እንደ አዲስ ጫንኩት። ያው። የሁለተኛውን ኮምፒዩተር ነቀልኩ። ያው። ቅዳሜ የሦስተኛውን ነቀልኩ። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጭጋግ የላቡን መስኮት ሸፍኖት፣ እኔ ጃኬቴን አውልቄ ግንባሬን እየጠረግሁ ነበር። ቀደም ብዬ ይመጣል ያልኳችሁ ላብ ይኸው።

"አዴ ከዲጃ፣ እነዚህ ኮምፒዩተሮች ሞተዋል" አልኩ። "ሰኞ ለአቶ ግርማ እነግራቸዋለሁ።"

"ምን ሆነው ሞቱ?"

"እንጃ። ስህተት ነው የሚሉት።"

"ምን ስህተት?"

"ስህተት ነዋ!"

እሳቸው ወንበራቸውን ጎተት አድርገው መነጽራቸውን አደረጉ። "ዱቢሲ" አሉኝ። አንብብ ማለት ነው። ስላላነበብኩ ራሳቸው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስቀምጠው ቃል በቃል ጀመሩ። "ኒውሊ... ክሪኤትድ... ፋይል..." አዲስ የተፈጠረው ፋይል። "ኢዝ... ኦልደር..." ከመጣው ፋይል ያረጃል። እዚህ ቆም ብለው አሰቡ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ቃላት አንድ በአንድ ነኳቸው። "ቼክ... ዩር... ሲስተም... ክሎክ።"

"ክሎክ ሰዓት አይደል?" አሉ።

"ሰዓት ነው።"

"ሰዓቱን አይልሃል እኮ።"

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። እዚያ የተጻፈው ዓመት ዘንድሮ ነው። ችግሩ፣ ዘንድሮ የሆነው በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ወሩም የእኛ ነው፤ ሰዓቱም ጠዋት ሦስት ይላል እንጂ ዘጠኝ አይልም።

"ይህን... ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አልኩ።

አዴ ከዲጃ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ምን ላድርግ? ልጆቹ ሥራ ሲያስረክቡ ፋይሉ ላይ ያለው ቀን ከመዝገቤ ጋር አልገጥም አለኝ። መዝገቡ መስከረም ይላል፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ ይላል። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ዘጠኙንም አስተካከልኩ። ዊንዶውሶቹ እምቢ ስላሉኝ ተውኳቸው።"

እስቲ ነገሩን አስቡት። ፈረንጆቹ ሶፍትዌሩን የጻፉት በፈረንጅ ዓመት ነው። የእኛ ኮምፒዩተር ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተቀምጧል። ስለዚህ በእሱ ዘንድ ይህ ሶፍትዌር ገና አልተጻፈም። ገና የሚጻፍ ነገር አምጥቼ ጫን ስለው ነው "ጌታዬ፣ እስቲ ሰዓት እይ" ያለኝ። በጨዋነት ነው ያለኝ። እኔ ሦስቱን ከነሥራቸው ነቀልኳቸው። ሰዓቱ ግን ከሲስተሙ ጋር አይነቀልም፤ እናት ሰሌዳው ላይ በራሱ ትንሽ ባትሪ ነው የሚኖረው። መቶ ጊዜ ብነቅል ያው ነበር።

መሳቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ በአፍንጫዬ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ይዤ። አዴ ከዲጃ የተቆጣሁ መስሏቸው ትንሽ ደንግጠው ነበር፤ መሳቄን ሲያዩ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አብረውኝ ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪያለቅስ።

"ሁሉንም ወደ ፈረንጅ እንመልሰው ታዲያ" አሉ በመጨረሻ። ሁለት ኮምፒዩተር መልሰው ሦስተኛው ላይ ቆሙ። "ጳጉሜን የት ትገባለች?"

"ለጊዜው የለችም።"

"ዋይ!" አሉ፤ ሰው እንደሞተባት ሴት።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ዘጠኙም ላይ ወረደ። የጎደለ ነገር ሲኖር አዴ ከዲጃ በጣታቸው ያነባሉ፣ እኔ ከዲኑ ቢሮ አመጣለሁ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ዘጠኙም አለቁ። እሳቸው ሁሉንም እርምጃ፣ የቱ ላይ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተደረገ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ ደብተራቸው ላይ አስፍረውታል።

"አበቃ" ልል አፌን ስከፍት አቶ ግርማ አንድ ቀጭን ላፕቶፕ በክንዳቸው አቅፈው ገቡ። እህታቸው የላከችላቸው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ያልሆነ፣ ማክ የሚባለው ነው።

"ለገምጋሚዎቹ መግለጫ የምሰጠው እኔ ነኝ" አሉ። "በራሴ ኮምፒዩተር ላይ ባሳያቸው ይሻላል። አንተ እንደሆንክ እጅህ ለምዷል።"

ሦስተኛ ወፍጮ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ስብሰባ ላይ አልነበርኩም፤ ጉሮሮዬም አልበላኝም። "ችግር የለም!" አልኩ።

አቶ ግርማ ትከሻዬ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ሰው ትከሻዬ ላይ ሲቆም ስሜን እንኳ በትክክል መጻፍ ያቅተኛል። ፍተሻው አለፈ። ማጠናቀሩ ጀመረ። መሀል ላይ ቆመ። አዴ ከዲጃ አነበቡት፣ እኔም አሁን ከእሳቸው ጋር ቃል በቃል አነበብኩት። ማጠናቀሪያው የሚጠቀምበት አንድ ረዳት ፕሮግራም አለ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ተገኝቷል፤ ግን በጣም የቆየ እትም ነው። ፍተሻው "አለ" ብሎ አሳልፎታል፤ ሥራው ሲመጣ ግን አልቻለም።

ምክንያቱን በማግኘቴ ደስ አለኝና ጮክ ብዬ "ችግሩ እዚህ ላይ ያለው አሮጌ ነው!" አልኩ። "ቦታ ይዞ ተቀምጧል እንጂ ሥራውን አይችለውም። በአዲስ መተካት አለበት!"

አቶ ግርማ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው።

"ይህን የወሰነው ማን ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"ኮምፒዩተሩ ነው።"

"ኮምፒዩተሩ?"

አዴ ከዲጃ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ከየት ወረዳ እንደሆነ አላውቅም። "አቶ ግርማ፣ ስለ ፕሮግራም ነው" አሉ። "ደግሞ አሮጌውን አናወጣውም። እዚያው ይቀመጣል። አዲሱን ከፊት እናደርግና መጀመሪያ እሱን እይ እንለዋለን።"

አቶ ግርማ ትንሽ አሰቡ። "እንዲያ ከሆነ መልካም" ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስኪያልቅ ድረስ ግን ላፕቶፑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት።

ረቡዕ ተማሪዎቹን ለልምምድ ጠራኋቸው። ሃያው ኮምፒዩተር ላይ ያው ሶፍትዌር ተከፍቷል። ደረቴን ነፍቼ ፊት ቆምኩና አንድ ቀላል ሰርኪዩት፣ ባትሪና ሁለት ሬዚስተር፣ በትልቁ ስክሪን ላይ ሠርቼ አስነሳሁ።

ስህተት።

አስራ ዘጠኝ ሰው ያያል። ዘጠኝ ቀን፣ ሦስት ዓይነት ሲስተም፣ ያ ሁሉ ድካም ካለቀ በኋላ አይሠራም? እጄ በራሱ ጊዜ ሶፍትዌሩን ነቅዬ እንደገና ልጫነው ብሎ ወደ ማውሱ ሄደ።

"መምህር" አለች ሙሉ ከኋላ። ቆማ ሕፃኑን እያወዛወዘች ነው። "መሬት አላገናኙም።"

ማንኛውም ሰርኪዩት ዜሮ የሚባል አንድ መነሻ ያስፈልገዋል፤ መሬት እንለዋለን። ያለ እሱ ሶፍትዌሩ ከምን ተነስቶ እንደሚለካ አያውቅም። የመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው፤ የማስተምረውም እኔ ነኝ። አርሲ መሀል ተቀምጬ መሬት አጣሁ።

አገናኘሁት። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ለእኔ ይሁን ለሙሉ አልጠየቅሁም። ሕፃኑ በጭብጨባው ደንግጦ አለቀሰ፤ እሷም ጀርባውን እየመታች የራሷን ሰርኪዩት ሠርታ፣ ከእኔ በፊት ውጤቱን በእጇ አስልታ፣ ከስክሪኑ ጋር አስተያየችው። እኩል ነበር።

ፈተናው ዓርብ ተሰጠ፤ እዚሁ፣ አሰላ። ሙሉ ሕፃኑን ለአዴ ከዲጃ ሰጥታ ገባች። አዴ ከዲጃ በጭቃ ጫማ የሚገባውን ተማሪ በአንድ እጃቸው እየመለሱ፣ በሌላው ሕፃኑን አቅፈው ሦስት ሰዓት በር ላይ ቆሙ። ሙሉ ስትወጣ ልጇን ተቀብላ አንገቱ ሥር ፊቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ቀና ስትል ግን እየሳቀች ነበር። ሁሉንም ጥያቄ ሠርታለች።

ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ ዝምተኛ ትልቅ ሴት፣ ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር እየተዘዋወሩ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የአዴ ከዲጃን ደብተር አገኙት። ገለጡት። ቆመው አነበቡት። ወንበር ፈልገው ተቀምጠው አነበቡት።

"በሦስት ሲስተም ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት" አሉ። "ስንት ኮሌጅ ዞረን እንዲህ ተጽፎ አላየንም። ይህን የሠራው ማን ነው?"

አቶ ግርማ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "መምህራችን ናቸው። በአንድ ከሰዓት እጨርሳለሁ ብለው ነበር፤ ትንሽ ቆዩ እንጂ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምስጋናው ጣፈጠኝ። ፈገግ ማለት ጀምሬ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ መሀል ዝም ማለት ቻልኩ፤ ዝም ማለት የማይገባኝ ቦታ ላይ። አዴ ከዲጃ በር ላይ ቆመው ወለሉን ያያሉ።

ጉሮሮዬን በላኝ።

"እኔ አበላሽ ነበር" አልኩ። "እሳቸው ያነቡ ነበር። ሦስት ኮምፒዩተር ደግሞ በከንቱ ነቅያለሁ፤ ደብተሩ ላይ አለ፣ ገጽ ስድስት ይመስለኛል።"

"ገጽ ሰባት" አሉ አዴ ከዲጃ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። አንድ ጎረቤት ኮሌጅ ተመሳሳይ ችግር ስላለበት፣ "ኢንጂነር ከዲጃ" ለሦስት ቀን መጥተው መምህራኑን እንዲያሠለጥኑ ይጠይቃል። አዴ ከዲጃ "ኢንጂነር" የሚለውን ቃል በጣታቸው ሁለቴ ነኩት። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ደብተሩ ውስጥ ከተቱት፤ ለባለቤታቸው ሊያሳዩ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አዲስ ሻሽ አድርገዋል፤ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል የላቡን ቁልፍ በመስኮት አቀበሉኝ።

"መምህር" አሉ። "ሦስት ቀን ብቻ ነው። አደራህን፣ ምንም እንዳትጭን።"

"አልጭንም።"

"ወላሂ በል።"

"አዴ ከዲጃ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።"

"ለሦስት ቀን በል።"

አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ላቡን ከፍቼ፣ ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት የገባለትን የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ሳበራ፣ ስክሪኑ መሀል ላይ አንድ ትንሽ መስኮት ብቅ አለ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አስቀምጬ ቃል በቃል አነበብኩት። አዲስ እትም አለ ይላል። አሁን ልጫነው ወይ ይላል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው ይላል።

እንደገና አነበብኩት። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ማንም የለም።

ተነሳሁ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን ወስጄ ለአቶ ግርማ ጸሐፊ አስረከብኩ።

"እስከ ሐሙስ ድረስ" አልኳት፣ "ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።"